ፕሮግራም አዳይዋ ሩቅያ

ሩቅያ ማረፏን የነገሩኝ ጋሽ በቀለ ናቸው። አዋሽ ላይ ከከፈትኳት ምግብ ቤት ፊት ለፊት ተሳቢያቸውን አቁመው ወረዱ። እንደ ወትሯቸው እጃቸውን ለመታጠብ ወደ ጓሮ አላለፉም። ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሰናይት፣ እስቲ ተቀመጪ» አሉኝ።

«ምነው ጋሽ በቀለ?»

«ሩቅያ አረፈች። ስኳሩ ነው የጣላት። ጅቡቲ ፔካ 12፣ ከባድ መኪናዎች ከሚቆሙበት ሰፈር አጠገብ ካለው መቃብር አሳረፍናት። ጭነት የሚጠብቅ ሹፌር ሁሉ ወርዶ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም።»

ምሳ አቀረብኩላቸው፤ ሳይነኩት ሄዱ። እኔም ያን ቀን የሰው ትእዛዝ እያሳሳትኩ ዋልኩ። ሽሮ ላዘዘ ጥብስ ሰጠሁ። ሰውነቴ አዋሽ ነበር፤ ዓይኔ ግን ጅቡቲን ያይ ነበር።

ጅቡቲን ትቻት ከመጣሁ ጀምሮ የማስባት ህልም አይቼ እንደነቃሁ ሰው ነው። የቀትሩ ብርሃን ከመንጣቱ የተነሳ ግድግዳውና ሰማዩ አይለይም። ያ ሞቃት ነፋስ፣ ኸምሲን የሚሉት፣ አቧራውን ሲያነሳው ሰውም ፍየልም ታክሲም ውኃ ውስጥ የሚሄድ ይመስላል። በዚያ ብርሃን መሐል ሁሌ አንዲት ሴት ትታየኛለች። አረንጓዴ ቀለም በተቀባ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ የሰው ስልክ በሁለት እጇ ይዛ፣ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚዳበስ በአውራ ጣቷ ትዳብሰዋለች።

ሩቅያ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ጅቡቲ የገባችው በወጣትነቷ ለቤት ሠራተኝነት ነው። ኋላ አንድ የከተማውን ተወላጅ፣ አናጺ፣ አገባች። ልጅ አልወለዱም። ባሏ ሲሞት የተረፋት ካርቲዬ ዱ የሚባለው ሰፈር ያለችው የቆርቆሮ ሱቅና እሱ የሠራው ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ዓረብኛ አፏን እንደፈታችበት ታወራለች፤ ፈረንሳይኛውን ደግሞ ከኩሽና የለቀመችው ስለሆነ የድስትና የምጣድ ስም ይበዛበታል ትል ነበር። ወፍራም ድምፅ ነበራት። ስትስቅ ድምፅ አታሰማም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

እኔ እዚያው ከተማ፣ ጋቦዴ ሰፈር፣ አንድ ቤተሰብ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ማዳሜ አዲስ ስልክ ስትገዛ አሮጌውን ሰጠችኝ። ደስታዬ ሦስት ቀን አልቆየም። ስልኩ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው የሚያወራው፤ የአማርኛ ፊደል ሲላክልኝ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ፕሮግራም ልጫን ብል፣ የስልክ ገበያ የሚባለው ነገር አካውንት ይላል፣ አካውንቱ ኢሜይል ይላል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የኔ ቢጤ የሚቀምሰው አልነበረም። ጎረቤት ቤት የምትሠራው ታደለች መበሳጨቴን አይታ፣ «ዓርብ ስንወጣ ሩቅያ ጋ እወስድሻለሁ። ገበያው ሁሉ እሷ ጋ ነው» አለችኝ።

ዓርብ ደረሰ፤ ሄድን። አግዳሚው ላይ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ እንደኛ ሠራተኞች ናቸው። ከሱቁ ጣሪያ ላይ ቁራዎች ይንጫጫሉ። ተራዬ ሲደርስ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ «እንደምን ዋሉ?» አልኳት።

«እርስዎ አትበይኝ አቦ። ድሬ ላይ እርስዎ የሚባል የለም፤ ሁሉም አንቺ ነው። ነይ ተቀመጪ። ማንን ፈልገሽ ነው?»

«ስልኬን ላሠራ...»

«ስልክሽንማ ይኸው አየሁት። በስልኩ ማንን ፈልገሽ ነው?»

ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። «ወንድሜን» አልኳት። «ጁባ ነው ያለው። ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። ሜሞሪ ከተት አደረገች፣ የሆነ ነገር ነካካች፣ ሰማያዊ መስመር ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። እኔ አፍጥጬ ሳየው ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው።

«አትይው፤ ሲያዩት ያፍራል። እስኪሞላ ያገርሽን ወሬ አውሪኝ። የት ነሽ?»

«ዝዋይ።»

«ዝዋይ ምን አለ?»

ምን አለ? ሐይቁን ነገርኳት። ዓሣ አጥማጆች ሲመለሱ አባኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው እንደሚጠብቁ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃውና ሰማዩ አንድ ዓይነት ወተት እንደሚመስሉ፣ ጉማሬ ሲተነፍስ ከሩቅ አልጋ ላይ ተኝቶ እንደሚሰማ። ሴቶቹ ሁሉ ጸጥ ብለው ያዳምጡኛል። ስጨርስ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጢን አለ። ሩቅያ አንስታ ሰጠችኝ። የአማርኛ ፊደል ገብቶበታል፣ መደወያው ገብቶበታል፣ የኛ ቀን መቁጠሪያም ሳልጠይቃት ገብቶበታል።

«ደውይለት» አለችኝ፤ «እዚሁ፣ እኔ መስመር ላይ።»

ወንድሜ ሲያነሳ ከአግዳሚው ተነስቼ ወደ ፀሐዩ ወጣሁ። ምን እንዳወራን አሁን አይታወሰኝም። ቆርቆሮው ላይ ጀርባዬን አስደግፌ መቃጠሉን አለማወቄን ብቻ አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ሲሆን እግሬ ራሱ ወደ ካርቲዬ ዱ ይወስደኝ ጀመር። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ያልረገጥኩትን አገር ሁሉ አየሁ። አንዷ የወልድያን የቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ታወራለች፤ አንዷ ጋምቤላ ማንጎ ሲረግፍ የሚያሰማውን ድምፅ። አንዷ የምታወራው ጠፍቷት ስለ እህቷ ሽሩባ ብቻ አወራች፤ እሱም በቂ ነበር። ውጭ ኸምሲን ይነፍሳል፤ ውስጥ ማራገቢያው ይዞራል፤ ስልኮቹ ተገልብጠው ይሞላሉ። ሰው ከራሱ ወጥቶ ደመና ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ሩቅያ የሰማችውን አትረሳም። ወር ቆይቼ ብመጣ እንኳ የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «ያ ጉማሬያችሁ ደህና ነው?» ነበር።

ፕሮግራሞቹ ከየት ይመጣሉ? ከአዲስ አበባ፣ በከባድ መኪና። መርካቶ አካባቢ ዳዊት የሚባል ፕሮግራም ሠሪ ነበር። የአማርኛ ፊደል መጻፊያ፣ የበዓል መቁጠሪያ፣ የመዝሙርና የመንዙማ ስብስብ ይሠራል፤ ግን ትልቁ የዓለም ገበያ ላይ አውጥቶ ለመሸጥ የሚጠይቁትን ማሟላት አልቻለም። እንግዲህ ሥራውን ሜሞሪ ላይ ገልብጦ ለጋሽ በቀለ ይሰጣል። እሳቸው በኪሳቸው ይዘው በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርገው ያመጡታል። ሩቅያ ለሴቶቹ ትጭናለች፤ ሴቶቹ በብሉቱዝ ለጓደኞቻቸው ይሰጣሉ፤ ከማይወጡበት ቤት ያለችዋም ሳትቀር ይደርሳታል። ሜሞሪው ሲመለስም ባዶውን አይመለስም ነበር። ሩቅያ ድምፅዋን ቀድታበት ትልካለች፦ «ዳዊት፣ ሴቶቹ ፀሐዩን ፀ አጥተዋታል። ደግሞ ፊደሉን አተልቅልን፤ እኛ ኩሽና ውስጥ በእርጥብ ጣት ነው የምንጽፈው።» በሚቀጥለው ጉዞ ፊደሉ ተልቆ ይመጣል። ሁለቱ አንድም ቀን ተያይተው አያውቁም።

አንድ ቀን ታደለች ታመመች። ትርፍ አንጀቷ ነበር። አሠሪዎቿ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ግን ቋንቋ የለም። ሆዷን ይዛ ስትንከባለል የወር አበባ መስሏቸው ሻይ አፈሉላት። ሐኪም ቤት የደረሰችው ራሷን ስታ ነው። ተረፈች። ሩቅያ ልትጠይቃት ሄዳ ስትመለስ በቀጥታ ሱቅ ገባች። ከዚያ ሜሞሪ አውጥታ መናገር ጀመረች።

«ዳዊት፣ አንድ ነገር ሥራልን። አማርኛውን በጣት ስንነካው በሶማሊኛ የሚናገር፤ ሲፈልጉ በዓረብኛ፣ ሲፈልጉ በፈረንሳይኛ። ድምፁን እኔ እሰጥሃለሁ።»

የሚነገረውን ነገር አግዳሚው ላይ ተሰብስበን መረጥን። እያንዳንዷ የራሷን አመጣች። «አሞኛል፣ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ።» «ይሄን ምግብ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም።» «ደክሞኛል፣ ትንሽ ልረፍ።» ራሷን ተከናንባ ጥግ የተቀመጠች ብርቱካን የምትባል ዝምተኛ ልጅ ደግሞ፣ «በሩን አትቆልፉብኝ የሚል ይኑረው» አለች። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። እሷ መሬት መሬት አየች።

ሩቅያ ድምፅዋን ስትቀዳ ማራገቢያው ጠፍቶ፣ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ሁለታችን ብርድ ልብስ ተከናንበን ነው። እኔ አማርኛውን እያነበብኩ፣ እሷ በሦስቱ ቋንቋ እየመለሰች፣ ላባችን ጉልበታችን ላይ ይንጠባጠባል። «ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» ስትል ጣሪያው ላይ ያለው ቁራ ጮኸ። እንድገመው ስላት ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«ተይው አቦ። ጅቡቲ ሆኖ ቁራ የሌለበትን ማን ያምናል?»

ፕሮግራሙ ሲመጣ ከተማውን ለመሙላት ጊዜ አልፈጀበትም። በየኩሽናው የሩቅያ ድምፅ ይሰማል። አንዳንዷ ሳያስፈልጋት እንኳ ትነካው ነበር፤ የሰው ድምፅ ብሎ። ሹፌሮችም ወሰዱት፤ ለጥበቃውም ለጎሚስታውም ይጠቅማቸዋል። ሩቅያ መንገድ ላይ ስታወራ የማያውቋት ሴቶች ዞረው ያይዋታል።

ከዚያ ያ ክፉ ሰሞን መጣ።

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ በቀለ ናቸው። ስልካቸውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ።

«ያንቺ ፕሮግራም ካርዴን እየበላው ነው» አሉ። «እኔ ሳላውቀው ለማላውቀው ቁጥር መልእክት ይልካል። የሦስት ጓደኞቼም እንዲሁ ነው።»

ሩቅያ ስልኩን አገላብጣ አየችው። የሷ ድምፅ አለ፣ ቁራው አለ፣ ሁሉም አለ። ግን መጠኑ ከሷ ቅጂ ይበልጣል። አንድ የማናውቀው ሰው ፕሮግራሙን ፈትቶ፣ ውስጡ የሌብነት ነገር ጨምሮ፣ መልሶ ሰፍቶታል። ሰው በብሉቱዝ ሲቀባበለው የትኛው የሷ፣ የትኛው የሌባው እንደሆነ የሚለይበት አልነበረም።

«በቀለ፣ ይሄ ከኔ አልወጣም» አለቻቸው።

«ድምፁ የኔ አይደለም ብለሽ ለማን ታስረጃለሽ? ያንቺው ድምፅ ነው» አሉ። «ከእንግዲህ ሜሞሪሽን አልሸከምም ሩቅያ።» ወጡ።

በሚቀጥለው ዓርብ አግዳሚው ላይ የተቀመጥነው ጥቂት ነበርን። ሩቅያ መጋረጃውን ዘጋች።

«የኔ ድምፅ የገባበት ቤት ሁሉ መሄድ አለብኝ» አለች።

«ሩቅዬ፣ ከተማውን ሁሉ? አንቺ እኮ አላጠፋሽም» አልኳት።

«ማን አጠፋ የሚለውን ሌባው ይጨነቅበት። ሴቶቹ የከፈቱት እኔን አምነው ነው።»

ሄደች። እኔም በተፈቀደልኝ ቀን ሁሉ አብሬያት ሄድኩ። ያን ሰሞን ሳስበው እውነት አይመስለኝም። ከግንብ ቤቶቹ ሥር ቆመን ሩቅያ በአማርኛ ትጣራለች፤ «የአገር ልጅ፣ ስልክሽን አውርጂልኝ» ትላለች። ከላይ ከሰገነት የሆነች ሴት አንገቷን ታወጣለች። ከዚያ የልብስ መስጫ ገመድ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ቅርጫት ታስሮ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ስልክ ተኝቶ፣ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ሩቅያ አስፋልቱ ላይ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ መጥፎውን ታጠፋና ደህናውን ትጭናለች። ቅርጫቱ መልሶ ሲወጣ ሁላችንም ቀና ብለን እናየዋለን። አንዷ ባዶ ላለመመለስ ብላ ብርቱካን ፍሬ አውርዳልን ነበር። አንዷ ጨርሶ ያላየናት፣ እጇን ብቻ አወዛወዘችልን።

ፔካ 12 ግን ከባድ ነበር። መኪናዎቹ ቆመዋል፣ ፀሐዩ ብረቱን አግሎታል፣ ሩቅያ ከጎማ ጎማ እየዞረች «ስልክህን ላየው» ትላለች። አንዱ ሳቀባት። አንዱ፣ «ደግሞ ምን ልትጨምሪበት ነው?» አላት። ወደሚቀጥለው ሄደች። ጋሽ በቀለ ጋቢና ውስጥ ሆነው ያዩ ነበር። ቆይተው ወረዱ። ጃንጥላቸውን ዘርግተው አናቷ ላይ ያዙላትና ለሹፌሮቹ፣ «በሉ ስልካችሁን አምጡ። ይህቺ ሴት በእግሯ እዚህ ድረስ የመጣችው ለራሷ አይደለም» አሉ። ያን ዕለት ሁሉንም አጸዳች ማለት ይቻላል።

የቀረችን ብርቱካን ነበረች። ባሕሩ አጠገብ ካሉት ትልልቅ ቤቶች አንዱ ውስጥ ነው የምትሠራው። ካርዱ ሲያልቅባት፣ ማዳሟ በስልኩ ላይ የማይታወቁ ቁጥሮች አይታ ወንድ ጋ ትደዋወላለች ብላ ክፍል ዘግታባታለች። ወሬውን የነገረችን የጎረቤት ሠራተኛ ናት። እዚያ ቤት ሰገነትም ቅርጫትም አልሠራም። ሩቅያ ሰፊ ቀሚሷን፣ ድርያዋን፣ አስተካክላ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ።

የከፈተችው ማዳሟ ናት። ሩቅያ በሶማሊኛ ሰላምታ ሰጠቻትና፣ «የብርቱካን ስልክ ላይ ያለው ነገር ከኔ የመጣ ነው። ልጅቷ ለማንም አልደወለችም። ጥፋት ካለ የኔ ነው» አለቻት።

«አንቺ ማነሽ?»

«ሩቅያ እባላለሁ። ካርቲዬ ዱ የሰው ስልክ ላይ ፕሮግራም እጭናለሁ።»

«ፈቃድ አለሽ?»

እውነቱን ከተናገረች ሱቋ እንደሚዘጋ፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን።

«የለኝም» አለች።

ድምፅ ሰምተው የቤቱ አባወራ መጡ። ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ስልኩን አስመጥተው፣ «ይሄ ነገር ግን ምን ያደርጋል?» አሏት።

«ይንኩት» አለቻቸው።

አማርኛ አያነቡም። ጣታቸው እንዳረፈበት ነኩት። የሩቅያ ድምፅ ከስልኩ በሶማሊኛ ወጣ፦ «ደክሞኛል፣ ትንሽ ልረፍ።» ሌላ ነኩ። «እናቴ ጋ መደወል እፈልጋለሁ።» ሌላ ነኩ። «እባካችሁ በሩን አትቆልፉብኝ። የትም አልሄድም።»

ሽማግሌው ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ሚስታቸውን አዩ፤ እሷ ወደ ባሕሩ አየች። ስልኩን ለሩቅያ መልሰውላት ወደ ውስጥ ገቡ። ቁልፍ ሲዞር ሰማን። ብርቱካንን ይዘው ወጡና ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። የተናገሩትን ሩቅያ ተረጎመችላት።

«መቆየት ከፈለግሽ ቁልፉ ካንቺ ጋ ይሁን፤ መሄድ ከፈለግሽም ማንም አይይዝሽም ነው የሚሉሽ።»

ብርቱካን ቁልፉን ብዙ አየችው። ከዚያ መልሳ ሰጠቻቸውና፣ «ከሷ ጋ እሄዳለሁ» አለች።

ሻንጣዋን ያመጣችላት ማዳሟ ራሷ ናት። በሩ ላይ ስታቀብላት ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ልጆቹ የት ሄደች ይሉኛል» አለቻት። ሩቅያ ይሄንንም ተረጎመች። ብርቱካን አለቀሰች።

በባሕሩ ዳር ስንመለስ ውኃው ወደ ኋላ ሸሽቶ ጭቃው እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ወፎች በራሳቸው ጥላ ላይ ይራመዳሉ። መሐል መንገድ ላይ ሩቅያ ቆም ብላ እጄን ያዘች።

«የለኝም ስል ሱቄን በአፌ የዘጋሁት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ሽማግሌው ግን ለማንም አልተናገሩም።

ብርቱካን ሩቅያ ቤት ተቀመጠች። አግዳሚው ግን ለብዙ ጊዜ ባዶ ነበር፤ የተቃጠለ ሰው ቶሎ አይመለስም። አንድ ዓርብ ሦስታችን ብቻ ቁጭ ብለን፣ የሚሞላ ስልክ ሳይኖር፣ ሩቅያ ስለ ድሮው አወራችን። ስልክ በየሰው እጅ ሳይገባ በፊት ቴፕ ነበራት። ዓርብ ዓርብ ሴቶቹ እየመጡ ለቤተሰባቸው ድምፃቸውን ካሴት ላይ ይቀዱ ነበር። ሹፌሮች ካሴቱን ይወስዳሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውን ይመልሳሉ።

«እኔም ለእናቴ እልክ ነበር» አለች። «አንድ ጊዜ የመለሰችልኝ ካሴት መጣ። ከፈትኩት፤ ድምፅዋ ደህና ነው፣ ትስቃለች፣ ስለ በርበሬ ዋጋ ታማርራለች። ደስ ብሎኝ ደጋግሜ ሰማሁት። ካሴቱ ግን መንገድ ላይ ቆይቶ ኖሯል። እኔ ስሰማው እሷ ከተቀበረች ከርማለች። እኔ ደግሞ መልስ ቀድቼ ልኬላታለሁ።»

ብርቱካን እጇን ጭኗ ላይ አደረገችላት። ቁራ ጮኸ፤ መሸት ሲል ተለያየን።

ዳዊት የተሰረቀውን ፕሮግራም ከሥሩ ደግሞ ሠራው። ሌባው እንደገና እንዳያስመስለው ምን ምልክት እናድርግ ብሎ ቢልክ፣ ሩቅያ መለሰችለት፦ «ሲከፈት ቁራ ይጩህ። ከዚያም ቁራውን በየጊዜው ቀይረው፤ የዚህን ወር ቁራ እኔ ቀድቼ እልክልሃለሁ፤ ሴቶቹ የትኛው እንደሆነ ከኔ ይሰማሉ።» ከዚያ ወዲህ ሠራተኛውም ሹፌሩም ፕሮግራም ሲቀበል መጀመሪያ ጆሮውን ያስጠጋል። የዚህ ወር ቁራ ሁለቴ የሚጮኸው ነው፣ የዚህ ወር ቁራ ጉንፋን የያዘው ነው እየተባባለ። ሳቅ ሲመለስ ሰውም ተመለሰ። ጋሽ በቀለም ሜሞሪውን መሸከም ጀመሩ፤ በዚህ ጊዜ ከኪሳቸው አውጥተው አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አስረውት ነበር።

እኔ ወደ አገሬ ስመለስ አዲሱ ባቡር ሊጀምር ነው እየተባለ ይወራ ነበር። ኢንተርኔቱም እየረከሰ መጥቶ፣ አዲስ የሚመጡት ልጆች ስልካቸው ላይ ገበያውም አካውንቱም አላቸው። ያ የኛ ፕሮግራም አዳዲሶቹ ስልኮች ላይ አልከፈትም አለ። ዳዊት ሌላ ሥራ ይዟል። ሩቅያ አልተከፋችም። «ጥሩ ነው» አለችኝ፤ «ማንንም ሳይለምኑ ማውረድ ከቻሉ ጥሩ ነው።» ሱቋን ግን አልዘጋችም። ሴቶቹ ዓርብ እየመጡ አግዳሚው ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ስልክ ለማስሞላት ሳይሆን እንዲሁ።

ጋሽ በቀለ መርዶውን በነገሩኝ ሳምንት፣ የሚያውቋት ሹፌሮች አዋሽ ሲያልፉ እኔ ጋ ጎራ እያሉ ተቀመጡ። ድንኳን አልጣልኩም፤ ግን ሰው ተሰበሰበ። ፎቶዋን ግድግዳው ላይ ልሰቅል አሰብኩና ሁላችንም ስልካችንን ከፈትን። እኔ የለኝም። ጋሽ በቀለም የላቸውም። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስልክ ተፈለገ፤ የመኪና ፎቶ አለ፣ የወደብ አለ፣ የፍየል ሳይቀር አለ። እሷ የለችም።

ብርቱካን ካርቲዬ ዱ ናት፤ ሱቁን አሁን የያዘችው እሷ ናት። ደወልኩላት። ተላቀስን። ከዚያ ነገሩን ነግሬያት፣ «አንቺ ጋ አንድ ፎቶዋ አይጠፋም መቼስ፤ ላኪልኝ» አልኳት።

ከኋላዋ የሰው ድምፅና የማራገቢያው ድምፅ ይሰማል።

«እኔም የለኝ ሰናይት» አለችኝ። «ፎቶ ስንነሳ ስልኬን ሁሌ የምትይዘው እሷ ነበረች።»